ጅብ የማን ዘመድ ነው? (የአንድ ኪሎ ጥብስ ውርርድ አለበት)

ጎሚስታው_ከኮምቦልቻ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ገንዘብ ግን አለበት።

ባለፈው እሁድ ደሴ ወጥቼ እህቴ ቤት አደርኩ። ማታ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለን ጅቡ መጮህ ጀመረ። ደሴ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ከጦሳ ተራራ በኩል አንዱ ሲጀምር የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። እኔም "ዘመዳሞች ስለሆኑ ሰላም እየተባባሉ ነው" አልኩ። የእህቴ ባል ሲኒውን አስቀመጠና "ጅብ ከውሻ ጋር ምን አገናኘው? ጅብ የሚቀርበው ለድመት ነው" አለ።

ሣቄ መጣ። ድመቷ ምድጃው አጠገብ ተጠቅልላ ተኝታለች። ጅቡ ውጭ እያላዘነ ነው። እሷን አየሁ፣ እሱን ሰማሁ፣ "አንድ ኪሎ ጥብስ አስይዛለሁ!" አልኩ። እጅ ለእጅ ተመታታን። እህቴ ምስክር ናት።

እኔ ስለዚህ ነገር የማውቀው ትምህርት ቤት የሸመደድኩትን ብቻ ነው፤ እሱም ለፈተና ተጽፎ እዚያው ቀርቷል። የሚያውቅ ካለ ይፍረደን። ደግሞስ እንስሳን ከእንስሳ ጋር "ዘመድ ነው" የሚያሰኘው ምንድነው? መልኩ ነው? ጥርሱ ነው? ድምፁ ነው?

የአዝዋ_ልጅ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡22

ሥጋ ቤቱን ከአሁኑ ምረጥ ወንድሜ። ተበልተሃል።

ሹፌር_በሐረጎ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡41

ኧረ አይባልም! እኔ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ስወርድ በመብራት ያየሁት ጅብ ቁጥር የለውም። አሯሯጡ ውሻ፣ አፉ ውሻ፣ ጥፍሩን እንኳ እንደ ድመት ወደ ውስጥ አይሰበስብም። ድመት ዛፍ ትወጣለች። ዛፍ ላይ የወጣ ጅብ ያየ ሰው እስኪ እጁን ያውጣ። "ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" ሆነ እኮ የአማችህ ነገር።

ጡረተኛ_መምህር · ሐሙስ፣ ማታ 4፡30

ልጄ፣ ጥብሱን ክፈል። ሹፌራችንም አትናደድብኝ፤ ያየኸው ሁሉ እውነት ነው። የተሳሳትከው ከእሱ ተነሥተህ በፈረድከው ላይ ነው።

በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ ዘር ይቆጥራል፤ እስከ ሰባት ቤት። ያን ጊዜ "ልጅቷና ልጁ ይመሳሰላሉ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው የት ላይ ይገናኛሉ የሚለው ነው። አያታቸው አንድ ከሆነ ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ ጠይም ረጅም፣ ሌላዋ ቀይ አጭር ብትሆን ለውጥ የለውም። ሁለት መንታ የሚመስሉ ሰዎች ደግሞ ቢቆጠር ቢቆጠር ላይገናኙ ይችላሉ።

የዛሬ የሕያዋን ምደባም የሚሠራው እንደዚያ ነው፤ የዘር ቆጠራ ነው። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። የስዊድኑ ካርል ሊኒየስ መጽሐፉን በፈረንጆቹ 1735 ሲያወጣ፣ በኋላም በ1758 በአሥረኛው እትም እንስሳትን ሁሉ በሁለት ቃል ስም ሲሰይም፣ የሚያየው የአካልን አሠራር ነበር። ዝርያን ወደ ወገን፣ ወገንን ወደ አስተኔ (ቤተሰብ እንደማለት ነው)፣ እንዲህ እያልን እስከ ላይኛው እርከን እስከ ስፍን የምንወጣበት መሰላል ከእሱ ዘመን የጀመረ ነው፤ አንዳንዱ እርከን በኋላ ቢጨመርም። ሊኒየስ ስለ ዝግመተ ለውጥ፣ ማለት ሕያዋን በብዙ ትውልድ ቀስ በቀስ ይለወጣሉ ስለሚለው፣ አላሰበም። ይህን ሐሳብ ያስረዳው እንግሊዛዊው ዳርዊን መጽሐፉን ያሳተመው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1859 ነው። ከዚያ ወዲህ ነው የመሰላሉ ትርጉም የተለወጠው። ሁለት እንስሳት አንድ አስተኔ ውስጥ ገቡ ማለት "ይመሳሰላሉ" ማለት መሆኑ ቀርቶ "አያታቸው አንድ ነው" ማለት ሆነ።

ወደ ጅቡ ልመለስ። ጅብም ውሻም "ሥጋ በል" በሚባለው ክፍለ መደብ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ዘመዳሞች ናቸው ማለትህ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ይህ ቤት ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ለሁለት ተከፍሏል። በአንዱ በኩል ውሻ፣ ተኩላ፣ ቀበሮ፣ ድብ አሉ። በሌላው ድመት፣ አንበሳ፣ ነብር፣ ጥርኝ… እና ጅብ። የራስ ቅሉ አጥንት ወደዚያ ያመለክታል፤ ዲኤንኤው ደግሞ ጨርሶ ዘጋው። ድመት ነው ማለት አይደለም። ጅብ የራሱ አስተኔ አለው፤ ዛሬ በሕይወት ያሉት አባላቱ አራት ዝርያዎች ብቻ ናቸው። አንዱማ ሥጋውን ትቶ ምስጥ እየላሰ የሚኖር ነው! እሱም አገራችን ውስጥ አለ።

ሹፌር_በሐረጎ · ሐሙስ፣ ማታ 4፡44

እሺ ጋሼ፣ አንገቴን ደፋሁ። ግን ድመት ከሆነ ወገኑ ለምን ውሻ መሰለ?

ጡረተኛ_መምህር · ሐሙስ፣ ማታ 5፡02

ኑሮው ነዋ። ሜዳ ላይ ረጅም መንገድ ሮጦ የሚያድን እንስሳ ረጅም እግር፣ የማይሰበሰብ ጥፍር፣ ጠንካራ መንጋጋ ይጠቅመዋል። የውሻ ወገንም የጅብ ወገንም ለየብቻቸው እዚያው ደረሱ።

ከቤታችሁ አጥር ምሳሌ ልስጥ። ቁልቋልን ታውቁታላችሁ። በለስንም ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው ሁለቱንም "ቁልቋል" ይላቸዋል፤ ውኃ የቋጠረ አረንጓዴ ግንድና እሾህ ስላላቸው። ቁልቋልን ብትቆርጠው ነጭ ወተት ይወጣዋል። የበለስ ፈሳሽ ወተት አይደለም። ቁልቋል የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ዘመዱ ጉሎ ነው። በለስ ከአሜሪካ አህጉር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ካክተስ ነው። ድርቅ ሁለቱን አንድ ዓይነት ልብስ አለበሳቸው እንጂ ቤተሰብ አይደሉም።

የአዝዋ_ልጅ · ሐሙስ፣ ማታ 5፡15

ጋሼ፣ ሌላ እንዲህ ያለ ጉድ ካለ ጨምሩልን። ለነገ ቡና ቤት ወሬ ይሆነኛል።

ጡረተኛ_መምህር · ሐሙስ፣ ማታ 5፡33

ሁለት ልጨምርና ልተኛ።

የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም። ስሟ አሳስቶናል። ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ልጅ ሆነን በሰማነው ተረት ወፎች ግብር ሲጠይቋት "እኔ አይጥ ነኝ"፣ አይጦች ሲመጡ "እኔ ወፍ ነኝ" እያለች ታመልጥ ነበር። አይጥም አይደለችም! በዘር ቆጠራው ከአይጥ ይልቅ ለፈረስና ለውሻ ትቀርባለች።

ገደል ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን ሽኮኮ ደግሞ አስቡት። ሲያዩት ጥንቸል ነው። በምድር ላይ ካሉት እንስሳት ለእሱ ከሚቀርቡት አንዱ ማን መሰላችሁ? ዝሆን።

ሹፌር_በሐረጎ · ሐሙስ፣ ማታ 5፡36

ዝሆን??? ወላሂ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም።

ጎሚስታው_ከኮምቦልቻ · ዓርብ፣ ጠዋት 1፡50

መሸነፌን ተቀብያለሁ። ግን "ለሁለት ተከፈለ"፣ "ለኑሮው ሲል ተለወጠ" የሚለው አልገባኝም። እንስሳው ራሱ ነው የሚለወጠው? ጅብ "እግሬ ቢረዝም ጥሩ ነበር" ብሎ አሰበ እንዴ?

ማይክሮስኮፕ_ሥር · ዓርብ፣ ቀን 7፡20

እኔ ኮምቦልቻ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ሳነብ ብቻ ነበር፤ ይቺን ግን ልመልስ፣ ሥራዬ ላይ ስለሆነች።

ማንም አያስብም። ወባን እንውሰድ፤ ኮምቦልቻ ያለ ሰው ክረምቱ ሲወጣ ወሬዋን ያውቃል። ጣት ተወግቶ ደም ጠብ የሚደረግበት ፈጣን መመርመሪያ አለ። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች ፋልሲፓረም የሚባለውን የወባ ተውሳክ የሚያውቁት ኤችአርፒ2 በሚባል አንድ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ካለ መስመር ይወጣል። ከሌለ "ነፃ ነህ" ይባላል።

ተውሳኩ ሲባዛ ዘረመሉን፣ ማለት አካሉ የሚሠራበትን መመሪያ፣ ይገለብጣል። ግልበጣ ላይ ስሕተት አይጠፋም፤ እኛም ደብተር ስንገለብጥ መስመር እንዘላለን። በአንዳንዱ ተውሳክ ላይ ያን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ተዘሎ ጠፋ። ተውሳኩ መመርመሪያ መኖሩን አያውቅም። ዝም ብሎ በአጋጣሚ የሆነ ነው። አሁን የሚሆነውን ተመልከቱ። ፕሮቲኑ ያለው ተውሳክ መስመሩን አወጣ፣ ሰውየው መድኃኒት ወሰደ፣ ተውሳኩ አለቀ። ፕሮቲኑ የሌለው ሳይታይ አለፈ። ሰውየው መድኃኒት ሳያገኝ ቤቱ ገባ፣ ትንኝ ነከሰችው፣ ያው ተውሳክ ወደ ሌላ ሰው ተሻገረ። ልጆቹም እንደ እሱው ፕሮቲኑ የሌላቸው ናቸው። ይህ ሲደጋገም ከመቶው ጥቂት የነበረው እየበዛ ይሄዳል። ወሬ አይደለም፤ በኤርትራም በእኛም አገር የተረጋገጠ ነው። ለዚህ ነው በማይክሮስኮፕ ደም ማየት እስከዛሬ ያልተተወው። ዓይን ፕሮቲን አይፈልግም፣ ተውሳኩን ራሱን ያያል።

ተፈጥሯዊ ምርጦሽ የሚባለው ይኸው ነው። አንዱ ተውሳክ በሕይወቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማን ብዙ ልጅ ትቶ እንዳለፈ ነው። የጅቡ እግርም እንዲሁ። የትኛውም ጅብ እግሩን አላረዘመም። እግራቸው ትንሽ ረዘም ብሎ የተወለዱት በደንብ በሉ፣ ብዙ ወለዱ። ይህ በሺዎች ትውልድ ተደራረበ።

ጎሚስታው_ከኮምቦልቻ · ዓርብ፣ ቀን 8፡05

እህቴ ተባረኪ፣ አሁን ገባኝ። በእኔ ሥራ ልበለው። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን ጠመዝማዛ ደካማው ጎማ አይችለውም፣ ይፈነዳል። ጠንካራው ይቀራል። መንገዱ መረጠ ማለት ነው። ችግሩ ጎማ አይወልድም።

ማይክሮስኮፕ_ሥር · ዓርብ፣ ቀን 8፡11

ቢወልድማ ጥቂት ቆይቶ የማይፈነዳ ጎማ ብቻ ቀርቶ አንተ ሥራ ትፈታ ነበር 😄

የሁለት_ልጆች_እናት_ደሴ · ዓርብ፣ ማታ 2፡40

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ልረብሽ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ "እማዬ፣ ሰው ከዝንጀሮ ነው የመጣው" አለችኝ። አባቷ ተቆጣ። እኔ መሐል ቤት ቀረሁ። እውነት እንዲህ ነው የሚባለው? ዝንጀሮስ ታዲያ ለምን እስከዛሬ ዝንጀሮ ሆኖ ቀረ?

ጡረተኛ_መምህር · ዓርብ፣ ማታ 3፡25

አይባልም እህቴ። ልጅቷ ሳትሳሳት አትቀርም፤ ወይም የነገራት ሰው አሳጥሮ ነግሯታል።

የአጎትሽ ልጅ አያትሽ አይደለም። አንቺ ከእሱ አልተወለድሽም፣ እሱም ካንቺ አልተወለደም። አያታችሁ ግን አንድ ነው። ከሰው ጋር በጣም የሚቀርበው ቺምፓንዚ ነው፤ እሱ ደግሞ እኛ አገር የለም። የእሱና የእኛ መስመር የተለያየው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገመታል። ያ የጋራ ቅድመ አያት ሰውም ቺምፓንዚም አልነበረም። ዝንጀሮ ከዚያም ራቅ ያለ ዘመድ ነው። እሱም "አልቀረም"፤ በራሱ መንገድ ሲለወጥ ኖሯል።

ጭላዳን ውሰጂ። ወደ ቦረና ሳይንት፣ ደንቆሮ ጫካ በኩል የሄደ ሰው ገደል አፋፍ ላይ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ሣር ሲነጭ ያየዋል። ደረቱ ላይ ቀይ ባዶ ቆዳ አለው። "ጭላዳ ዝንጀሮ" እንለዋለን እንጂ ከሌሎቹ ዝንጀሮዎች በወገን የተለየ ነው። ምግቡ በአብዛኛው ሣር ነው። ከዚህ ወገን ዛሬ በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው፣ ያውም በኢትዮጵያ ብቻ። የጠፉት ዘመዶቹ ቅሪት ግን እስከ ስፔንና ሕንድ ድረስ ተገኝቷል።

ሹፌር_በሐረጎ · ዓርብ፣ ማታ 3፡48

ጋሼ፣ እኔ ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ እመላለሳለሁ። በሚሌ አካባቢ ባለው በረሃ ነው አይደል ድንቅነሽ የተገኘችው?

ጡረተኛ_መምህር · ዓርብ፣ ማታ 4፡15

አዎ፣ ሐዳር። በፈረንጆቹ 1974። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናታል። በቁመቷ ትንሽ ናት፤ ግን በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር። እዚያው ሐዳር የድሮ የጭላዳ ወገኖች አጥንትም ተቆፍሮ ወጥቷል። የእሷና የእነሱ ዘሮች ዛሬ እኛና ደንቆሮ ጫካ ያሉት ናቸው ብል ግን ለመምህር አይሆንም፤ ቀጥታ መስመሩን አጥንት ብቻውን አይነግርም።

ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የሰው ዘር ታሪክ አንዱ ከሌላው ኋላ የተሰለፈበት ሰልፍ ይመስለናል። በየመማሪያው ያለው ሥዕል ነው ያሳሳተን። እውነቱ ቁጥቋጦ ነው። ከድንቅነሽ በፊት አርዲ የምትባል ሌላ ቅሪት አለች፤ 4.4 ሚሊዮን ዓመት። ከድንቅነሽ ዝርያ ጋር በአንድ ዘመን፣ በዚያው በአፋር የኖረ ሌላ ዝርያም አለ። ቅሪቱን ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴና ባልደረቦቹ ወራንሶ ሚሌ ላይ አግኝተው በ2015 አስታወቁ። የሰጡትን ስም ስሙልኝ፤ "ደይረመዳ"። በአፋርኛ "ቅርብ ዘመድ" ማለት ነው። ሳይንቲስቶቹም እንደ እኛ ዘር ሲቆጥሩ ነው የሚውሉት!

የሁለት_ልጆች_እናት_ደሴ · ዓርብ፣ ማታ 4፡30

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ይህን ካመነች ሃይማኖቷን ትተዋለች ብሎ ነው አባቷ የሚፈራው።

ጡረተኛ_መምህር · ዓርብ፣ ማታ 4፡52

እኔ ደሴ ውስጥ ሳስተምር የሸሁም ልጅ የቄሱም ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ተምረውብኛል። ባዮሎጂ እንዴት እንደተለወጠ ነው የሚመረምረው። ለምን ተፈጠርን የሚለውን እኔ ጠመኔ ይዤ አልመለስኩላቸውም፤ ወደየቤታቸው ሄደው ይጠይቁ ነበር። አባቷ ከእሷ ጋር ተቀምጦ ያንብብ። ቁጣው ይቆየው።

በቅሎ_ጫኝ · ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00

ዘግይቼ ደረስኩ። "ዝርያ" የምትሉት ድንበሩ የት ነው? ትምህርት ቤት "ተዋልደው የሚወልድ ልጅ ከወለዱ አንድ ዝርያ ናቸው" ተብለናል።

ማይክሮስኮፕ_ሥር · ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡10

በስምህ ነው የምመልስልህ። "በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች" ይባላል አይደል? እውነቷን ነው፤ አባቷ አህያ፣ እናቷ ፈረስ። ፈረስ 64 ክሮሞሶም (ዘረመል የተሸከመ ክር) አለው፣ አህያ 62። በቅሎ መሐል ላይ 63 ይደርሳታል። ጎዶሎ ስለሆነ የዘር ሕዋስ ስትሠራ ጥንድ ጥንድ ሆኖ አይገጥምላትም። ስለዚህ አትወልድም፤ ወለደች ቢባል አገር የሚያስገርም ነው። ፈረስና አህያ ሁለት ዝርያ ናቸው የምንለው ለዚህ ነው።

ግን ደንቡ ሁልጊዜ አይሠራም። ቀይ ቀበሮን ተመልከት፤ ደንቆሮ ጫካ ውስጥም አለ። ስሙ ቀበሮ ቢሆንም በዲኤንኤ ሲታይ ለተኩላ የቀረበ ነው። በመላው ዓለም የቀሩት አዋቂዎች 500 አይሞሉም፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ። ባሌ ላይ ከውሻ ጋር ተዳቅሎ ታይቷል። ሁለቱም 78 ክሮሞሶም ስላላቸው ዲቃላዎቹ እንደ በቅሎ መካን አይደሉም። ታዲያ አንድ ዝርያ ናቸው? አይደሉም፤ እጅግ ለረጅም ዘመን ለየብቻቸው የኖሩ ናቸው። ዝርያ ማለት አጥር አይደለም። ገና በመለያየት ላይ ያሉ ቤተሰቦች አሉ፤ የእኛ ስም ደግሞ መቁረጥ ይወዳል።

በቅሎ_ጫኝ · ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡18

ቀይ ቀበሮም ቀበሮ አይደለም በሉኛ! በዚህ ክር ስሙን ይዞ የወጣ እንስሳ አለ?

የአዝዋ_ልጅ · ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡20

አህያ። እስካሁን አህያ አህያ ነው።

ጎሚስታው_ከኮምቦልቻ · እሁድ፣ ማታ 1፡30

ከፍያለሁ። አማቼ ከደሴ ድረስ ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ አስከፈለኝ። የድንቅነሽንም የሽኮኮውንም ወሬ ነገርኩት፤ ሽኮኮውን አላመነኝም።

ነገር ግን አዲስ ጣጣ መጥቷል። የታዘዘው የበግ ጥብስ ነው። አማቼ ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጥ "ይህ ፍየል ነው" አለ። እኔ በግ ነው አልኩ። አሁን ሁለት ኪሎ አስይዘናል። ጋሼ፣ በግና ፍየል በምንድነው የሚለዩት?

ጡረተኛ_መምህር · እሁድ፣ ማታ 2፡05

በግ 54 ክሮሞሶም፣ ፍየል 60። ድስት ውስጥ ገብቶ ሲቆጠር ግን አላየሁም። ሥጋ ቤቱን ጠይቁት።